ቱፍ ያላለፈችው መኪናዬ ወዴት ትሂድ? ጀርመን አሮጌ መኪና የምታስወግደው እንዴት ነው

ጥያቄው፦

«ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። የ2005 ኦፔል ኮርሳ አለችኝ። ዘንድሮ ቱፍ (የግዴታውን የመኪና ምርመራ) አላለፈችም። ታችዋ ዝጓል፣ ፍሬኗ አልቋል፣ ጋራዡ 1,900 ዩሮ ጠየቀኝ። መኪናዋ እንኳን 1,900 ግማሹንም አታወጣም። የቆመ መኪና መስታወት ላይ ‹መኪና እንገዛለን› የሚል ካርድ ለሚያስቀምጡት ሰዎች ደወልኩላቸው፤ 350 ዩሮ በእጅህ እንሰጥሃለን፣ ወረቀቱንም እኛ እንጨርሳለን አሉኝ። ሽሮትፕላትስ (አሮጌ መኪና የሚፈታበት ግቢ) ግን ገንዘብ ያስከፍላል ሲሉ እሰማለሁ። ወንድሜ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ ነው የሚሠራው፤ ‹ሙሉዋን ላካት፣ ካልሆነም ፈታተህ ላክልኝ› ይለኛል። ካታላይዘሯን (የጭስ ማጣሪያዋን) አስቀድሜ ነቅዬ ብሸጥስ? ደግሞ ይሄ ሪሳይክል የሚሉት ነገር እውነት ነው ወይስ ጨፍልቀው ወደ አፍሪካ ነው የሚጭኑት?»

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ምክንያቱን ቀጥሎ ታነባለህ። መኪናዋን ለካርድ ሰዎቹ አትስጥ። ካታላይዘሯን አትንካ። ወደ አዲስ አበባም አትላካት። ፈቃድ ወዳለው መኪና ፈቺ ድርጅት ውሰዳት፣ መወገዷን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ተቀበል፣ አብሜልዱን (መኪናዋን ከመዝገብ ማስወጣቱን) ራስህ ጨርስ። 350 ዩሮው እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ግን ያ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ካወቅክ በኋላ ሐሳብህን የምትቀይር ይመስለኛል።

ሽሮትፕላትስ ያስከፍላል የሚለው የድሮ ወሬ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዕድሜያቸውን የጨረሱ መኪናዎችን የሚመለከት መመሪያ ያወጣው በ2000 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጀርመን በ2002 የራሷ ሕግ አደረገችው። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ የመጨረሻው ባለቤት የቤት መኪናውን፣ ዕድሜዋ ምንም ያህል ቢሆን፣ ሳይከፍል ማስረከብ ይችላል። የመረከብ ግዴታው የአምራቹና የአስመጪው ነው። ኦፔልም ሆነ ቶዮታ ከመኖሪያህ 50 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ መረከቢያ እንዲኖር ማድረግ አለባቸው። እዚያ ድረስ ማድረሱ ግን ያንተ ጉዳይ ነው። የማትነዳ ከሆነች የመጎተቻውን ሒሳብ አንተ ትከፍላለህ። ሰዎች «አስከፈሉኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ መጎተቻው ነው። እንዲያውም የብረት ዋጋ ጥሩ በሆነበት ሰሞን ድርጅቱ ራሱ የተወሰነ ገንዘብ ሊሰጥህ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቦታ ደውለህ ዋጋ ጠይቅ።

ነጻ ርክክቡ ግን ሁኔታ አለው። መኪናዋ ሙሉ መሆን አለባት። ሞተሯ፣ ካምቢዮዋ፣ አካሏ፣ ካታላይዘሯና የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያዋ በቦታቸው መኖር አለባቸው። ሊብሬዋንም፣ ማለት እዚህ ብሪፍ የሚሉትን ወረቀት፣ ማስረከብ ይጠበቅብሃል። የቤት ቆሻሻ፣ አሮጌ ጎማ፣ የተሰበረ ዕቃ ውስጧ አጭቀህ ከሄድክም እምቢ የማለት መብት አላቸው።

ለዚህ ነው ካታላይዘሯን አትንካ ያልኩህ። ውስጡ ያለው ሴራሚክ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተቀባ ነው። ብዛታቸው ጥቂት ግራም ቢሆንም ከመኪናዋ ውድ ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ነቅለህ ብትሸጠው ድርጅቱ በነጻ የመረከብ ግዴታው ይቀርለታል። ያኔ በእርግጥም ሊያስከፍሉህ ይችላሉ። ደግሞ ገዢዎቹ ዋጋ የሚተምኑት አካሉ ላይ የተቀረጸውን ኮድ አይተው ነው። ከዚህ በፊት ተቀይሮ ርካሽ የገበያ ምትክ ገብቶላት ከሆነ ውስጡ ያለው ውድ ማዕድን በጣም ትንሽ ነው፣ የሚከፍሉህም እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ ካታላይዘር ስርቆት በበዛበት አገር የተቆረጠ ማርሚታ ይዞ ገዢ ፍለጋ መዞር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

አሁን «ሪሳይክል እውነት ነው ወይ» ወደሚለው። እውነት ነው። ግን ሰው የሚያስበው ዓይነት አይደለም።

መኪናዋ ድርጅቱ ግቢ ስትገባ የምትቆመው ሲሚንቶ ላይ ነው። ዘይት ወደ መሬት እንዳይሰርግ ወለሉ የታሸገ ነው፤ የዝናቡም ውሃ ዘይት በሚለይ ጉድጓድ ውስጥ ያልፋል። መጀመሪያ የሚወጣው ባትሪው ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ስለሆነ በቀጥታ ወደ እርሳስ ማቅለጫ ይሄዳል። የእርሳስ ባትሪ በመኪና ዓለም ዑደቱ በደንብ ከሚዞር ነገር አንዱ ነው። ከዚያ ኤርባጎቹና ቀበቶ የሚስቡት ፈንጂዎች ይመጣሉ። ወይ እዚያው መኪናዋ ውስጥ ሆነው በርቀት ይፈነዳሉ፣ ወይ ሠልጥኖ ፈቃድ ያለው ሰው ይነቅላቸዋል። ኤርባጉ መሪው ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ወንበር ጎን፣ ጣሪያ ጠርዝ ላይም ሊኖር ይችላል። የትኛው ሞዴል የት ቦታ እንዳለው አምራቾቹ በጋራ ባዘጋጁት አይዲስ በሚባል የመረጃ ቋት ውስጥ ይገኛል፣ ፈቺዎቹ እሱን እያዩ ነው የሚሠሩት።

ቀጥሎ ፈሳሹ ይቀዳል። ቤንዚኑ፣ የሞተር ዘይቱ፣ የካምቢዮ ዘይቱ፣ የፍሬን ዘይቱ፣ የራዲያተሩ ውሃ፣ የመስታወት ማጠቢያው ሁሉ በየራሱ ዕቃ ይገባል። የዘይት ፊልትሮውም ይወጣል። የማቀዝቀዣው ጋዝ በልዩ ማሽን ይሳባል። ባንተ መኪና ዘመን የሚሞላው አር 134 ኤ የሚባለው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ አየር ላይ ሲለቀቅ ሙቀት የማመቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ጋራዥ ውስጥ ቱቦውን ቆርጦ «ፍስስ» ማድረግ ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። በማሽን መሳብ ግን ጊዜም መሣሪያም ይጠይቃል። ሕጋዊውና ሕገወጡ የሚለያዩት እዚህ ላይ መሆኑን ያዝልኝ፣ ወደ 350 ዩሮህ ስመለስ እጠቀምበታለሁ።

ፈሳሹ ካለቀ በኋላ የሚሸጥ ነገር ይፈታል። ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ካምቢዮ፣ በር፣ መብራት፣ ደህና ሞተር ከሆነ ሞተሩ ራሱ። ድርጅቱ በዋናነት የሚኖረው ከዚህ ነው። ካታላይዘሩ ይነቀልና እንደዚህ ዓይነት ማዕድን ወደሚያጠሩ ፋብሪካዎች ይላካል፤ ትልቁና የታወቀው ቤልጂየም ሆቦከን የሚገኘው የኡሚኮር ፋብሪካ ነው። ጎማው ይወጣል፣ ቸርኬው አሉሚኒየም ከሆነ ለብቻው ይሸጣል። የቀረው ባዶ አካል ተጨፍልቆ ወደ መፍጫ ይጫናል። ሽሬደር የሚሉት ይህንን ነው።

መፍጫው ቁም ነገሩ ቀላል ነው። ከባድ መዶሻዎች የተንጠለጠሉበት ግዙፍ ዘንግ ይሽከረከራል፣ መኪናዋ በአንድ በኩል ገብታ በሌላ በኩል የጡጫ መጠን ያለው ስብርባሪ ሆና ትወጣለች። ከዚያ ነፋስ ቀላሉን ይጠርጋል፣ ማግኔት ብረቱን ይለቅማል፣ ሌላ ማሽን በኤሌክትሪክ ሞገድ አሉሚኒየሙንና መዳቡን እያስፈነጠረ ይለያል። ከመኪና ክብደት ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ብረታ ብረት ስለሆነ እስከዚህ ድረስ ሥራው ራሱን ይከፍላል። ማንም ማስገደድ አያስፈልገውም። አሉሚኒየም ከማዕድኑ ከማምረት ይልቅ አሮጌውን ማቅለጥ እስከ 95 በመቶ ኃይል ይቆጥባል፤ ነጋዴው ይህንን ያውቃል።

ችግሩ የብረቱ ጥራት ላይ ነው፣ ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም። መኪና ውስጥ ብዙ ኪሎ ግራም የመዳብ ሽቦ አለ። ሽቦው ሳይነቀል መፍጫ ውስጥ ከገባ መዳቡ ከብረቱ ጋር ይጠላለፋል፣ ማግኔቱም አብሮ ይለቅመዋል። ምድጃ ውስጥ ከገባ በኋላ መዳብን ከብረት መለየት በተለመደው መንገድ አይቻልም። መዳብ የበዛበት ብረት ደግሞ አግለህ ስትዳምጠው ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ከመኪና የወጣ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ የመኪና ላሜራ አይሆንም። ለሕንፃ ፌሮ ይሆናል። ፌሮ መዳብ ይችላል፣ ለመኪና በር የሚሆን ስስ ላሜራ ግን አይችልም። ኮርሳህ እንደገና ኮርሳ ትሆናለች ብለህ ካሰብክ ተሳስተሃል፤ የሆነ ፎቅ ምሰሶ ውስጥ ብትገባ ነው የሚቀርበው። ይህ መጥፎ አይደለም፣ ከማዕድን ከማቅለጥ በጣም ይሻላል። ግን «ክብ ኢኮኖሚ» እያሉ የሚያሳዩህ ሥዕል ላይ ቀስቱ ከመኪና ወደ መኪና ሲሄድ ካየህ አትመን። መፍትሔው ሽቦውን ከመፍጫው በፊት በእጅ መንቀል ነው። የእጅ ሥራ ጀርመን አገር ውድ ስለሆነ ብዙዎቹ አያደርጉትም። እኔን ከምንም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ማንም በማይናገርለት ሽቦ ምክንያት ጥሩ ብረት በየዓመቱ ደረጃው ይወርዳል።

ከብረቱ ሌላ የሚተርፈውስ? ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ ፕላስቲክ፣ መስታወት፣ አቧራ፤ ከመኪናዋ ክብደት ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሆናል። ድሮ ይህ ሁሉ ይቀበር ነበር። ጀርመን ያልታከመ ቆሻሻ መቅበርን ከሰኔ 2005 ጀምሮ ከለከለች። አሁን ከፊሉ ይቃጠልና ሙቀት ይወጣዋል፣ አሸዋ መሰሉ ክፍል ደግሞ አሮጌ የማዕድን ዋሻ መሙያና የቆሻሻ መጣያ ቦታ መሥሪያ ይሆናል። ይህ ትራፊ ዝም ከተባለ ምን እንደሚያደርስ ጃፓንን ማየት ይበቃል። በካጋዋ ግዛት ቴሺማ የምትባል ደሴት ላይ አንድ ኩባንያ የመፍጫ ትራፊ ለዓመታት ሲደፋ ቆይቶ በ1990 ፖሊስ ያዘው። ነዋሪዎቹ ለዓመታት ተከራከሩ። የተደፋውን ቆሻሻና የተበከለውን አፈር ለማንሳት እስከ 2017 ፈጀ፣ ጠቅላላው 900 ሺህ ቶን ገደማ ነበር። ጃፓኖች ከጥር 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋሉት የመኪና ሪሳይክል ሕግ ከዚህ የተማረ ነው። እዚያ መኪናውን የሚገዛው ሰው ገና ሲገዛ የማስወገጃውን ክፍያ አስቀድሞ ያስቀምጣል። ክፍያው በተለይ ለሦስቱ አስቸጋሪ ነገሮች ነው፤ ለጋዙ፣ ለኤርባጉና ለመፍጫው ትራፊ። መኪናው ወደ ውጭ ከተሸጠ ገንዘቡ ይመለሳል። በእኔ እምነት ይህ ከጀርመኑ ይሻላል፣ ምክንያቱም መኪናው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ገንዘቡ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

«95 በመቶ ሪሳይክል ይሆናል» የሚለውንም ሰምተህ ይሆናል። የአውሮፓ ሕግ ከ2015 ጀምሮ ከመኪና ክብደት 95 በመቶው ጥቅም ላይ እንዲውል ያዛል። ግን ማቃጠልም «ጥቅም ላይ መዋል» ውስጥ ይቆጠራል። እንደ ዕቃ ተመልሶ ሥራ ላይ መዋል ያለበት 85 በመቶ ነው፣ ከዚያም ውስጥ ከመኪናዋ ክብደት ሦስት አራተኛ የሚጠጋውን ብረታ ብረቱ ብቻውን ይሞላዋል። ደግሞ ስሌቱ የሚሠራው ፈቃድ ያለው ድርጅት በር ላይ በደረሱት መኪናዎች ነው። በሩ ላይ ያልደረሰችው መኪና በመቶኛው ውስጥ የለችም።

ወደ ካርዱ እንምጣ። ጀርመን ውስጥ ወደ 49 ሚሊዮን የሚጠጋ የቤት መኪና ተመዝግቧል። በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከመዝገብ ወጥተው አይመለሱም። ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች ተፈትተው የሚመዘገቡት ግን በቅርብ ዓመታት ከግማሽ ሚሊዮን በታች ናቸው። አብዛኛዎቹ የቀሩት በሕጋዊ መንገድ ወደ ሌላ አገር የተሸጡ ናቸው። ግን በየዓመቱ በብዙ ሺዎች፣ አንዳንዴም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት የት እንደገቡ በወረቀት ላይ አይታወቅም። ምክንያቱ አንድ ቀዳዳ ነው። መኪና አብሜልድ ስታደርግ ለባለሥልጣኑ የማስወገጃውን ማረጋገጫ ካላቀረብክ መኪናዋ ቆሻሻ አይደለችም ማለትህ ነው። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች ተከታትሎ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ሒሳቡን ሥራው። ፈቃድ ያለው ድርጅት ለታሸገ ወለል፣ ለዘይት መለያ፣ ለጋዝ መሳቢያ ማሽን፣ በየዓመቱ ለሚመጣው መርማሪ፣ ለተቀዳው ፈሳሽ ማስወገጃ ይከፍላል። የካርዱ ሰው ከእነዚህ አንዱንም አይከፍልም። ወይ የሆነ ጓሮ ውስጥ ካታላይዘሯንና ሞተሯን አውጥቶ የቀረውን ይጥላል፣ ዘይቱ መሬት ይጠጣል፣ ጋዙ አየር ላይ ይለቀቃል። ወይ ደግሞ ሙሉዋን ወደ አንትወርፕ ወደብ ይወስዳትና መርከብ ላይ ይጭናታል። 350 ዩሮው ከዚያ ከተዘለለው ወጪ የመጣ ነው። ሁሉም ካርድ አስቀማጭ እንዲህ ነው አልልም። የንግድ ፈቃድ ያላቸው፣ ደህና አሮጌ መኪና ገዝተው በሕግ የሚልኩ አሉ። ግን «ወረቀቱን እኛ እንጨርሳለን» ያለህ ሰው ምልክቱን ሰጥቶሃል። ታርጋዋ ባንተ ስም እስካለ ድረስ ግብሩም ኢንሹራንሱም ባንተ ስም ነው የሚቆጥረው። መንገድ ዳር ጥሏት ከሄደም ከተማው ጎትቶ ሒሳቡን የሚልከው ወደ አንተ ነው።

ገንዘብ ሲፈስ ደግሞ ምን እንደሚሆን በ2009 አይተናል። ያኔ መንግሥት ቢያንስ 9 ዓመት የሞላትን መኪና አስወግዶ አዲስ ለሚገዛ ሰው 2,500 ዩሮ ሰጠ፣ በጠቅላላው 5 ቢሊዮን ዩሮ ወጣ፣ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪናዎች ተጠቀሙበት። በወረቀት ሁሉም ተጨፍልቀዋል። የወንጀል መርማሪዎቹ ማኅበር ግን እስከ 50 ሺህ የሚሆኑት ሳይጨፈለቁ ወደ ውጭ ሳይሸጡ አልቀረም ብሎ ገምቶ ነበር።

ስለዚህ «ጨፍልቀው ወደ አፍሪካ ነው ወይ የሚጭኑት» ላልከው መልሱ የተገላቢጦሽ ነው። የተጨፈለቀችው መኪና ወደ አፍሪካ አትሄድም፤ ብረቷ እዚሁ አውሮፓ ወይም ብረት ገዢ አገር ይቀልጣል። ወደ አፍሪካ የሚሄዱት ያልተጨፈለቁት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ2015 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ መኪናዎች ወደ ውጭ ተልከዋል፤ ትልቁ ድርሻ፣ 40 በመቶ ያህሉ፣ አፍሪካ ነው የገባው። በዚያው ዓመት የኔዘርላንድ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከራሱ ወደቦች ወደ አፍሪካ የሚጫኑትን ሲመረምር አብዛኛዎቹ ከ16 እስከ 20 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሆነው አገኛቸው። ያንተ ኮርሳም እዚያ አካባቢ ነው የምትወድቀው።

ሕጉ ያገለገለ መኪናንና ቆሻሻ የሆነ መኪናን ይለያል። ቱፍ አለማለፍ ብቻውን መኪናን ቆሻሻ አያደርጋትም። የመጠገኛው ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ በጣም ከበለጠ፣ የተቆረጠች ወይም የተቃጠለች ከሆነ፣ ወሳኝ ክፍሎቿ ከጎደሉ፣ ያኔ ባለሥልጣኖቹ ወደ ቆሻሻ ይመድቧታል። ፈሳሿ ያልተቀዳ ዕድሜዋን የጨረሰች መኪና ደግሞ በአውሮፓ ዝርዝር አደገኛ ቆሻሻ ናት። አደገኛ ቆሻሻን ከአውሮፓ ኅብረት ወደ አፍሪካ አገሮች መላክ ክልክል ነው። ሐምቡርግ ላይ የወደብ ፖሊሶች ኮንቴይነር ከፍተው የሚፈትሹት ይህንን ነው። ከተያዝክ መኪናዋ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ የመመለሻውም ወጪ ባንተ ነው፣ ክሱም አለ። ያንተ መኪና የ1,900 ዩሮ ጥገና ተጠይቆባታል፣ አንተው ደግሞ ግማሹን እንኳን አታወጣም ብለሃል። እኔ ብሆን ከጉምሩክ ሰው ጋር «ቆሻሻ አይደለችም» ብዬ ልከራከር አልቆምም።

ለነገሩ ክርክሩ ባይኖርም አትገባም። የኢትዮጵያ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2024 ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታውቋል። ከዚያ በፊትም በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጭኖ ነበር። ጅቡቲ ላይ ቆማ የወደብ ኪራይ የምትበላ መኪና ለወንድምህ ምን ትጠቅመዋለች?

ፈታተህ መላኩስ? ጓሮህ ውስጥ መፍታት አይፈቀድልህም። ዕድሜዋን የጨረሰችን መኪና መፍታት የሚችለው ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው። ኤርባጉን በመፍቻ መነካካት ደግሞ ከሕጉም በላይ ለዓይንህና ለእጅህ ያስፈራኛል። ወንድምህ እውነት ዕቃ ከፈለገ ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነው። ፈቃድ ካለው ፈቺ ድርጅት የሚፈልገውን ዕቃ በደረሰኝ ግዛለት። ዘይቱ የተቀዳ፣ የተጠረገ፣ የሚሠራ መሆኑ የተረጋገጠ፣ በደንብ የታሸገ ሞተር ወይም ካምቢዮ ዕቃ ነው፣ በሕግ ይላካል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ከሆነ ግን እሱም ቆሻሻ ነው። መጀመሪያ ግን ምን እንደሚሸጥ ጠይቀው። ሶማሌ ተራ ገዢ ያለው የቶዮታ ዕቃ ነው፤ የኮርሳ በርና መብራት ልከህለት መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲጠጣ አታድርግ።

ወንድምህን ስትደውልለት ሌላም ነገር ንገረው። የሶማሌ ተራ ልጆች መኪና መፍታት ከማንም በላይ ያውቁበታል፣ አንድ ብሎን አይጥሉም። ጀርመኖች በእጅ ሥራ ውድነት የተዉትን ሽቦ እነሱ እስከ መጨረሻው ያወጡታል። የጎደላቸው ወለሉ፣ የዘይት ማጠራቀሚያው፣ ጋዝ መሳቢያውና ኤርባግ አያያዙ ነው። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። የሱ ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል፣ ያልሠለጠነ ሰው ከከፈተው ይገድላል፣ ከተወጋ ወይም ከተጨፈለቀ በቀላሉ የማይጠፋ እሳት ያስነሳል። ጀርመንም ውስጥ በስህተት መፍጫ የገባ ሊቲየም ባትሪ ግቢ ያቃጥላል። አዲስ አበባ ላይ ዛሬ አዲስ የሆነው መኪና ከዐሥር ዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ባትሪው ሲደክም የሚሄደው እነዚሁ ልጆች እጅ ነው። ሥልጠናው መጀመር ያለበት አሁን ነው።

ያንተን ነገር እንዲህ ጨርሰው። ጀርመን ውስጥ እውቅና ያላቸውን ፈቺ ድርጅቶች ዝርዝር የያዘ ጌዛ የሚባል የክልሎቹ የጋራ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ድረ ገጹ ላይ በፖስታ ቁጥርህ ፈልግ። የኦፔል ነጋዴም ወዴት እንደምትወስዳት ሊነግርህ ይገባል። ስትደውል ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የማስወገጃ ማረጋገጫ ትሰጣላችሁ ወይ፣ መጎተቻው ስንት ነው፣ ለሙሉ መኪና ትከፍላላችሁ ወይ። ማረጋገጫው በጀርመንኛ ፌርቬርቱንግስናኽቫይስ ይባላል። ስሙን በደንብ ያዘው፣ ምክንያቱም አንዳንድ ሰፈር ያለ ቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ተራ ደረሰኝ ጽፎ «ይሄው ነው» ይልሃል። አይደለም። ያንን ወረቀት የመስጠት ሥልጣን ያለው እውቅና ያለው ድርጅት ብቻ ነው።

ከመውሰድህ በፊት ውስጧን አጽዳ። የግል ወረቀትና የልጅ ወንበር አውጣ፣ የስልክህ ቁጥሮች የተመዘገቡበት ሬዲዮ ካለ መረጃውን አጥፋ። ቤንዚን መቅዳት አያስፈልግህም፣ እነሱ ይቀዱታል። ታርጋዎቹን፣ ትንሹን የመኪናዋን የምዝገባ ወረቀትና ብሪፉን ይዘህ ሂድ። ማረጋገጫውን ከተቀበልክ በኋላ ታርጋውን በአካል ወይም በኢንተርኔት አብሜልድ አድርግ፤ ድርጅቱ እኔ ላድርግልህ ካለህም ይቻላል፣ ግን አብሜልድ የተደረገበትን ወረቀት በእጅህ ሳታይ አትረፍ። ኢንሹራንሱና ግብሩ ከዚያ በኋላ ይቆማሉ፣ አስቀድመህ የከፈልከው ካለ የቀረው ጊዜ ሒሳብ ይመለስልሃል። አብሜልድ አድርገህ መንገድ ላይ አታቁማት፤ ታርጋ የሌላት መኪና ሕዝብ መንገድ ላይ መቆም አትችልም፣ ቀይ ወረቀት ይለጠፍባታል፣ ቀጥሎ ትነሳለች፣ ሒሳቡም ይመጣልሃል። ማረጋገጫውንና የአብሜልዱን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ኦሪጅናሉን ጥቂት ዓመት አስቀምጥ። የካርድ ሰዎቹ ደግመው ከደወሉ «ተፈትታለች» በላቸው።